ጠርሙሱን ወጡ ይመርምረው

ከደራ እስከ አዳማ፣ ከአዳማም እስከ ዝዋይ ባለው አገራችን በተማረው ወጣት ዘንድ አንድ አዲስ ልማድ ገብቷል። ጥቂት ጓደኞች ገንዘብ አዋጥተው ሁለት ወይም ሦስት ጠርሙስ የወይን ጠጅ ይገዛሉ፤ ከአንዱ ቤት ተሰብስበው ራት እየበሉ ይቀምሳሉ፤ የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚስማማ ይከራከራሉ። ልማዱ በራሱ የሚነቀፍ አይደለም። ሰው ወደ አፉ ስለሚያስገባው ነገር ማሰቡ፣ ያሰበውንም ለጓደኛው መናገሩ የአእምሮ ሥራ ነው። የሚነቀፈው፣ ይህችም ጽሑፍ የተነሣችበት ምክንያት፣ ጠርሙሱ በፊት በር ሲገባ ወጡ በጓሮ በር መውጣቱ ነው።

አዎን፣ ይወጣል! የወይን ጠጅ የሚቀመስበት ማታ ከሆነ ዶሮ ወጥ አይሠራም፤ ሽሮ አይነሣም፤ እንጀራው ከሌማቱ አይወጣም። በምትኩ ፓስታ ይቀቀላል፤ ዋጋው ከአንድ ሳምንት አስቤዛ የሚበልጥ ፎርማጆ በቀጭን በቀጭኑ ይቆረጣል። ስማቸውን ከማልጠራቸው ሰዎች ቤት፣ የቤቱ እናት ከጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ስታቁላላ የዋለችበት ዶሮ ወጥ «ነገ እንበላዋለን» ተብሎ ወደ ማጀት ሲመለስ በዓይኔ አይቻለሁ። ምክንያቱ ሲጠየቅ መልሱ አንድ ነው፤ «በርበሬ የወይን ጠጅን ያበላሻል» ይሏችኋል።

እኔም እጠይቃለሁ፤ ስለምን ነገሩ ተገልብጦ አይነገርም? ስለምን «ይህ የወይን ጠጅ ወጣችንን ያበላሻል፤ ስለዚህ ሌላ ጠርሙስ ፈልጉ» አይባልም? ሁለት ነገሮች ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱ ብቻ ጥፋተኛ ሆኖ የሚባረርበት ችሎት ምን ዓይነት ችሎት ነው? እንግዳ ሆኖ የገባ ባለቤቱን ከቤቱ አያስወጣም። ከኛ መካከል ግን እንግዳውን ደስ ለማሰኘት እናቱን ከገበታ የሚያስነሣ ተገኝቷል። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ይሏል ይህ ነው።

«ይህ ትንሽ ነገር ነው፤ ስለ ወጥና ስለ ጠርሙስ ምን አስጮኸህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ነገሩ ትንሽ አይደለም። ዛሬ በገበታው ላይ የራሱን ምላስ ያላመነ ወጣት ነገ በመሥሪያ ቤቱ የራሱን አእምሮ አያምንም። መለኪያው ሁልጊዜ ከውጭ እንዲመጣለት የሚጠብቅ ሰው ዲግሪ ቢደራርብም ገና አልተማረም። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንመርምረው።

«ቀይ የወይን ጠጅ ከሥጋ፣ ነጭ የወይን ጠጅ ከዓሣ» የሚለውን ደንብ ከመካከላችን ያልሸመደደው ጥቂት ነው። ደንቡ ግን ከሰማይ አልወረደም። የፈረንሳይ አገር የቡርጎኝ ገበሬ ከቤቱ በስተኋላ የወይን ተክል፣ ከደጁም ከብት ነበረው፤ ስለዚህ ሥጋውን በራሱ ቀይ ወይን ቀቀለ፤ በዚያው ወይን አወራረደው። የኢጣልያ የቶስካና ሰው ኮምጠጥ ያለውን ኪያንቲ የለመደው ከቲማቲሙና ከወይራ ዘይቱ ጋር ስለ ተስማማለት ነው። ሎዋር የተባለው ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት አካባቢ የሚኖረው ሕዝብም ሙስካዴ የሚባለውን ቀጭን ነጭ ወይን ከባሕር ከሚያወጣው ምግብ ጋር አዛመደ። እነዚህ ሁሉ የጀመሩት ከየማጀታቸው ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በኋላ ነው። እንግዲህ ፈረንጅን በእውነት መከተል የሚሻ ካለ ፈረንጁ ያደረገውን ያድርግ፤ ከራሱ ድስት ይጀምር። የድካማቸውን ውጤት ብቻ ገልብጦ የድካማቸውን መንገድ የሚተው ተማሪ ፈተና ሲሰርቅ የተያዘ ተማሪ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ግልበጣ ወደ ምን እንደሚያደርስ አንድ ምሳሌ ልስጥ። «ቀይ የወይን ጠጅ በክፍል ሙቀት ይጠጣል» የሚል ደንብ አለ። የማን ክፍል? ደንቡ ሲወጣ የታሰበው የጥንቱ የአውሮፓ ድንጋይ ቤት ነው፤ ሙቀቱም ከ16 እስከ 18 ዲግሪ ቢሆን ነው። በደራና በአዳማ በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ 30 ዲግሪ ይጠጋል። በዚህ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ የቆመ ቀይ ወይን አልኮሉ ብቻ ከአፍንጫ ይደርሳል፤ የፍሬው ሽታ ይሸሻል። ጓደኞቻችን ግን «በክፍል ሙቀት ነው» እያሉ ትኩስ ወይን በፈገግታ ይውጣሉ! ጠርሙሱን ለግማሽ ሰዓት ማቀዝቀዣ ውስጥ ማኖር፣ መብራት ከጠፋም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልሎ ነፋስ ላይ ማቆም ይበቃ ነበር። የሸክላ እንስራ ውሃን እንዴት እንደሚያቀዘቅዝ ያዩ የእናቶቻችን ልጆች ይህን ለማወቅ የፈረንጅ መጽሐፍ ባላስፈለጋቸውም ነበር።

አሁን ወደ ተከሳሹ ወደ በርበሬ እንምጣ። በርበሬ ያቃጥላል ስንል በምላሳችን ላይ እውነተኛ እሳት የለም። በበርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን የሚባለው ነገር ሙቀትን የሚያስታውቀውን የነርቭ በር ያንኳኳል፤ አንጎልም ተቃጠልሁ ይላል። ዴቪድ ጁልየስ የተባለው ሊቅ ይህን በር እ.ኤ.አ. በ1997 ለይቶ በማሳየቱ በ2021 የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይህ በር በተፈጥሮው የሚከፈተው ሙቀቱ 42 ዲግሪ ያህል ሲደርስ ነው። አልኮል ሲነካው ግን 34 ዲግሪ ያህል ላይ እንደሚከፈት ተመራማሪዎች አሳይተዋል። የሰውነታችን ሙቀት 37 ዲግሪ መሆኑን አስታውሱ። እንግዲህ አልኮሉ የበዛ ወይን በሚፋጅ ወጥ ላይ ሲጨመር እሳት በእሳት ላይ መሆኑ ምስጢር አይደለም። በዚህም ላይ ቀይ ወይን ታኒን የሚባል፣ እንደ ጠቆረ ሻይ ምላስን ጭምድድ የሚያደርግ ጎምዛዛ ነገር አለበት፤ ከሚያቃጥል ምግብ ጋር ጉምዛዜው ይብስበታል።

ታዲያ ከዚህ የሚከተለው ምንድን ነው? «በርበሬን አስወግድ» ነውን? አይደለም። የሚከተለው፣ አልኮሉ የበዛ፣ ታኒኑ የጠነከረና የሞቀ ወይን ለዶሮ ወጥ አይሆንም የሚል ብቻ ነው። ጥቂት ጣፋጭነት ያለው፣ ታኒኑ የለዘበና ቀዝቀዝ ያለ ወይን ይሆናል፤ ስኳሩም ቅዝቃዜውም ማቃጠሉን ያበርዱታልና። እንጀራችንም የራሱ ጠባይ አለው። ሊጡ ቀናት ሰንብቶ የሚቦካ ስለ ሆነ ኮምጣጣ ነው፤ ከኮምጣጣ ምግብ ጋር የሚቀርብ ወይን እርሱም በቂ ኩምጣጤ ከሌለው አፍ ላይ ሞቶ ይቀራል። ቅቤና ሥጋ በበዛበት ምግብ ታኒኑ ይለዝባል፤ በጾም ወጥ ላይ ግን ያው ጠርሙስ ሻካራ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። ስለዚህ ለእኛ ዋናው ጥያቄ «ሥጋ ነው ወይስ ዓሣ?» የሚለው አይደለም። የእኛ ጥያቄዎች «ምን ያህል ይፋጃል? ቅቤው ምን ያህል ነው? የፍስክ ነው ወይስ የጾም?» የሚሉት ናቸው። ይህን ጥያቄ ከቦርዶ የመጣ መጽሐፍ አይመልስልንም፤ ከኛ በቀር የሚመልሰው የለም።

የሚቀመሰውስ ሩቅ ነውን? የፈረንሳዩ ካስቴል ኩባንያ ከቦርዶ ባመጣው የወይን ችግኝ በዝዋይ ሐይቅ አጠገብ የተከለው እርሻ የመጀመሪያዎቹን ጠርሙሶች እ.ኤ.አ. በ2014 ለገበያ አውጥቷል። ስማቸው ሪፍት ቫሊና አካሻ ነው፤ ከዘሮቹም ሜርሎ፣ ሲራ፣ ካበርኔ ሶቪኞንና ሻርዶኔ አሉበት። ከዚያ በፊት ለብዙ ዘመን አባቶቻችን የሚያውቁት የአዋሽ የወይን ጠጅ ፋብሪካን ነው፤ ጉደር፣ ዱከምና አክሱሚት የሚሉት የጠርሙስ ስሞች ከአገራችን የቦታ ስም የተወረሱ ናቸው። እንግዲህ ጣፋጩን አክሱሚት አቀዝቅዛችሁ ከዶሮ ወጥ ጋር ሞክሩት። የዝዋይን ቆሮሶ ጠብሳችሁ ከዚያው አፈር ከበቀለው ሻርዶኔ ጋር አቅርቡት፤ ዓሣውና ወይኑ የአንድ ውሃ ልጆች ናቸውና። ሲራውን ከጥብስ ጋር አዛምዱት፤ ሚጥሚጣውን ግን ለብቻው አድርጉት። ጉደርን ከምስር ወጥና ከሽሮ ጋር ፈትኑት፤ ካልተስማማ አልተስማማም በሉ። እኔ እዚህ የጻፍሁት ሕግ አይደለም። የሚፈተን ሐሳብ ነው፤ ሐሳቤን የሚሽር ምላስ ከተገኘም በዚሁ ጋዜጣ ላይ ይጻፍልኝ።

አሁን ደግሞ መቅመስን ከፈረንጅ የተማርን ለሚመስላቸው አንድ ነገር ላስታውስ። በጠጅ ቤቶቻችን ጠጅ ሲታዘዝ «ለስላሳ ነው፣ መካከለኛ ነው ወይስ ደረቅ?» ተብሎ ይጠየቃል። ዛሬ ጓደኞቻችን «ደረቅ ወይን» የሚለውን ቃል ከውጭ ቋንቋ የተተረጎመ አዲስ ጥበብ አድርገው ሲናገሩት አያታቸው በብርሌ አንገት ይዘው ሲናገሩት የኖሩትን ነው። በድሮው ግብር ቤት ጠጅ አሳላፊው ለጌታው ከማቅረቡ በፊት በመዳፉ ጠብ አድርጎ ቀምሶ ያሳይ ነበር። የማሩ ጣፋጭነትና የጌሾው ምሬት የተገናኙትም በአጋጣሚ አይመስለኝም። ከላይ የተናገርሁትን ሚዛን፣ ማለት ጥቂት ጣፋጭ፣ ጥቂት መራራ፣ አልኮሉም አብዛኛውን ጊዜ ከደረቅ ቀይ ወይን ያነሰ፣ ጠጅ አስቀድሞ አሟልቶታል። ስለዚህ በየራቱ ከጠርሙሶቹ ጎን አንድ ብርሌ ጠጅ ይቁም፤ ከወይኖቹም ጋር እኩል ይፈተን። ብዙዎቹ ጠርሙሶች በዶሮ ወጥ ፊት ከጠጅ ጋር ሲወዳደሩ ምን እንደሚደርስባቸው ለማየት እጓጓለሁ።

ባዕድ ወይን መጥላትም የእኛ ሥራ አይደለም። በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው የኤርትራ ባሕር ጉዞ መጽሐፍ በአዱሊስ ወደብ በኩል ከሎዶቅያና ከኢጣልያ ጥቂት ወይን ይገባ እንደ ነበር ይናገራል። የአክሱም ሰዎች የውጭ ወይን ቀመሱ፤ አክሱምነታቸውን ግን በጠርሙስ አልለወጡም። ዛሬም የሚያስፈራው የውጭው ወይን መግባቱ አይደለም። የሚያስፈራው የእኛ ፍርድ ከቤት መውጣቱ ነው።

ፍርድ እንዴት እንደሚሰረቅ ለማወቅ ሁለት ታሪክ ይበቃል። በቦርዶ ተመራማሪዎች ነጭ ወይንን ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ አስመስለው ወይን ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ሰጡ፤ ተማሪዎቹም ሽታውን በቀይ ወይን ቃላት ገለጹት። ጥናቱ በ2001 እ.ኤ.አ. ታትሟል። እነዚህ በወይን አገር የሚማሩ ሰዎች ናቸው፤ ዓይናቸው አፍንጫቸውን አታለለው! ሁለተኛው፣ በ1976 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የፈረንሳይ ቀማሾች የፈረንሳይንና የካሊፎርንያን ወይን የጠርሙሱ ስም ተሸፍኖ ቀመሱ። በቀዩም በነጩም አንደኛ የወጣው የካሊፎርንያው ሆነ። ስሙ ተገልጦ ቢሆን ኖሮ ይህን ፍርድ ይሰጡ ነበርን? አይመስለኝም። እንግዲህ ፈረንሳዊው እንኳ የራሱን ጠርሙስ በስሙ እንዳያምን ከተፈተነ፣ የእኛ ወጣት በባዕድ ወረቀት ፊት ምን ያህል ይጠንቀቅ!

ይህ ሰይፍ ግን በሁለት በኩል ስለት ነው። «የአገሬ ስለ ሆነ ጥሩ ነው» የሚለውም ወገን ከዚያኛው አይሻልም። መጥፎ ጠርሙስ ባንዲራ ቢለብስም መጥፎ ነው። ደግሞስ የዝዋዩን ወይን «የኛ» ስንል ምኑ ነው የኛ? ችግኙ የቦርዶ ነው፤ እርሻውን የመሠረተው ገንዘብ የፈረንሳይ ነው። የኛ የሆነው አፈሩ፣ ፀሐዩ፣ የሐይቁ ውሃና በረድፍ መካከል ጎንበስ ብሎ የሚገርዘውና የሚለቅመው እጅ ነው። በዚህ አገር የወይን ተክል እንደ አውሮፓ ብርድ አያስተኛውም፤ ሰው በመግረዝ ያስተኛዋል፤ በውሃ ይቀሰቅሰዋል፤ ስለዚህም በቆላ አገር በዓመት ሁለት ጊዜ ማፍራት ይቻለዋል። ይህ ሁሉ የእጅ ሥራ ነው። ታዲያ ያንን ጠርሙስ በቅን ፈትነን «ይህን አሻሽሉ፤ ይህ ለወጣችን ይስማማል» ብንል ወደ ሠራተኛውና ወደ ሐይቁ የሚደርስ ሥራ ሠራን ማለት ነው። ያለ ፈተና ብናመሰግነው ወይም ያለ ፈተና ብንንቀው ግን ለማንም አልጠቀምንም።

ከባዱ ተቃውሞ ከሌላ ወገን ይመጣል። «ሕዝብ በተራበበት አገር ተማሪ ስለ ወይን ጠጅ ይጽፋልን?» ይላሉ። ተቃውሞው ክብር ያለው ነው፤ መልስም ይገባዋል። እኔ ሰው ሁሉ ወይን ይጠጣ አላልሁም። ያልሁት፣ ገንዘቡ ለጠርሙስ አስቀድሞ የወጣ እንደ ሆነ ለትምህርት ይዋል ነው። አንድ ጠርሙስ 750 ሚሊሊትር ይይዛል፤ ለመቅመስ 50 ሚሊሊትር ከበቃ አንድ ጠርሙስ ለ15 ሰው ይደርሳል። ዛሬ ግን ለአምስት ሰው ሦስት ጠርሙስ ይከፈታል፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላም የቀመሱትን የሚያስታውስ የለም። ይህ መስከር ነው፤ ለመስከር ደግሞ አረቄ ይረክሳል። ሕጉም በ2011 ዓ.ም. ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ከልክሏል፤ ስለዚህ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎችን ወደ እንዲህ ያለው ማታ መጎተት ነውር ብቻ ሳይሆን ሕገ ወጥ ነገርን ማበረታታት ነው።

ሌላም የከፋ ነገር አለ። በአካባቢያችን እስላምና ክርስቲያን በአንድ ግቢ ተጎራብቶ ይኖራል፤ በሃይማኖቱ ምክንያት ወይም በራሱ ፈቃድ አልኮል የማይቀምስ ጓደኛ በየክፍላችን አለ። በእነዚህ ራቶች ለእርሱ የሚቀርበው ምንድን ነው? አንድ ጠርሙስ ለስላሳና የፌዝ ሳቅ! ይህ የኢትዮጵያ ገበታ አይደለም። ብርዝ አለ፤ ቀሪቦ አለ፤ የአምቦ ውሃ አለ። ብርዝ ከዶሮ ወጥ ጋር እንዴት እንደሚስማማ የማይጠጣው ጓደኛ ይፍረድ፤ ፍርዱም ከሌሎቹ እኩል ይጻፍ። የማይጠጣውን የሚያሳፍር ጠጪ ገና ወይን ከመቅመሱ በፊት ትሕትናን ይቅመስ።

ስለዚህ የተማሪዎች ማኅበራችን ሦስት ነገር እንዲያደርግ እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ የመቅመሻ ማታ የሚያደርጉ ጓደኞች ሁሉ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ቁጥር ይስጡት፤ የአገሩም የውጩም አብሮ ይሰለፍ፤ ስሙ የሚገለጠው ፍርዱ ከተጻፈ በኋላ ይሁን። ሁለተኛ፣ ገበታው የኛ ይሁን፤ እያንዳንዱ ከቤቱ አንድ ወጥ ያምጣ፤ አስቀድሞ ወይኑ ብቻውን፣ ቀጥሎ ወጡ፣ ከዚያ እንደገና ወይኑ ይቀመስ፤ የበርበሬው ፋጅታ፣ የቅቤው መጠን፣ የጠርሙሱ ቅዝቃዜ በወረቀት ይመዝገብ፤ ማቃጠሉ የበረታበትም ውሃ ከመጋት አይብ ይቅመስ፤ ካፕሳይሲንን የሚያነሣው የወተት ነገር ነውና። ሦስተኛ፣ ቃላቱ ከኛ ይሁኑ። ጎምዛዛ፣ ኮምጣጣ፣ መራራ፣ ለስላሳ፣ ደረቅ የሚሉ ቃላት ሳሉን፣ የኦሮምኛ ተናጋሪ ጓደኞቻችንም የየራሳቸው ቃል ሳላቸው፣ ባልቀመስነው የእንጆሪ ዓይነት ስም ወይን መግለጽ ምን ይባላል? የኮረሪማ ሽታ ከሸተተህ ኮረሪማ በል፤ የአብሽ ከሸተተህ አብሽ በል። አድማጭህ የሚያውቀው እርሱን ነው።

የሦስት ወይም የአራት ወር መዝገብ ከተሰበሰበ በኋላ ይህ ጋዜጣ ያትመው። ወይን የሚጠምቁትም ያንብቡት፤ በጠርሙሶቻቸው ጀርባ ላይ ፎርማጆና የበግ ጥብስ ብቻ ከመጻፍ ዶሮ ወጥ፣ ሽሮ፣ ቆሮሶ ብለው የሚጽፉበት ቀን እንዲመጣ እንጠይቃቸው። በራሱ ገዢ ወጥ ያልተፈተነ ጠርሙስ ለገዢው አልተሠራም።

ወንድሞቼና እኅቶቼ ሆይ፣ በሚቀጥለው ራታችሁ ያች ከጠዋት ጀምራ ሽንኩርት ያቁላላች እናት ከማጀት ትጠራ፤ ከገበታው ራስ ትቀመጥ። በወጧ ላይ የሚፈስሰውን ወይን መጀመሪያ እርሷ ትቅመስ፤ ካልጠጣችም ወጧን እንዴት አድርጎ መብላት እንደሚገባ ትናገር። ከመካከላችን ሠላሳና አርባ ዓመት በየቀኑ ወጥ በመቅመስ ምላሷን ያሠለጠነች እርሷ ናት፤ እኛ ግን ፈራጅ ፍለጋ እስከ ቦርዶ ስንሄድ ኖረናል።